ትልቁ ከበሮ ዝም ሲል

ዝናሽ ነገሩን የሰማችው ካውያ በእጇ እንደያዘች፣ ከመጋረጃው ወዲህ በሽንኩርት ጆንያዎች መሃል ቆማ ነው። ቦታው ዶሃ፣ ፊሪጅ ቢን ማሕሙድ ሰፈር ውስጥ ያለ የአንድ ሐበሻ ምግብ ቤት ጓዳ ነበር። የሐበሻው ኮሚኒቲ የማርሽ ባንድ የራሱ ክፍል የለውም፤ ባለ ምግብ ቤቱ ደግ ሰው ስለሆነ ዕቃችሁን እዚህ አኑሩ ብሏቸው ከበሮዎቹ በዘይት ካርቶኖች ላይ፣ ጥሩምባዎቹ ከሩዝ ጆንያው ጎን ይተኛሉ። ቱባ የሚባለው ትልቁ ጥሩምባ አፉን ወደ ላይ ከፍቶ በሩ ጥግ ስለሚቆም አስተናጋጆቹ አንዳንዴ ረስተው ሎሚ ያስቀምጡበታል። ያን ዕለት፣ ዓርብ፣ ዝናሽ በቤት ሠራተኛነት ከምትኖርበት ከሙዓይዘር ሰፈር በማለዳ የወጣችው ቀያዮቹን የባንድ ጃኬቶች ለመተኮስ ነበር። ከሰዓት በኋላ የማኅበረሰቦች የእግር ኳስ ዋንጫ ይከፈታል። ኔፓሉም፣ ኬንያውም፣ ፊሊፒኑም፣ ሐበሻውም በየባንዱ እየተመራ ወደ ሜዳ ይገባል። ጃኬቱ የተጨማደደ ባንድ ደግሞ ገና ሳይነፋ እንደተሸነፈ ይቆጠራል፤ ይህ የዝናሽ እምነት ነው።

ሁለት ሰዎች ከመጋረጃው ማዶ ገቡ። በድምፃቸው ለየቻቸው። አንደኛው በኮሚኒቲው የወጣቶችን ጉዳይ የሚመራው ዘርሁን ነው፤ ቢሮ የሚሠራ፣ ቤተሰቡን ይዞ የሚኖር፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የሚያንጸባርቅ ሰው። ሌላው የባንዱ አሠልጣኝ ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው። ጋሽ ሸዋንግዛው አገር ቤት በፖሊስ ባንድ ክላርኔት ሲነፉ ኖረው፣ አሁን ስድሳ ሊደፍኑ ጥቂት ሲቀራቸው ዶሃ ላይ የአንድ የገበያ አዳራሽ በር ይጠብቃሉ። በሩን ሲጠብቁም ወገባቸው ሰልፍ ላይ እንዳሉ ቀጥ ያለ ነው።

«ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ዛሬ ካሜራ አለ፤ ትልልቅ ሰዎችም ይመጣሉ» አለ ዘርሁን። «ከፊት ረድፍ የቤተሰብ ልጆች ይሁኑልኝ። እነ ሲፈን።»

«እነ ሲፈን ገና ለማጆች እኮ ናቸው። የፊቱን ከበሮ የያዙት እነ ብስራት ናቸው።»

«ይምቱ፤ ማን አትምቱ አላቸው? ከኋላ ሆነው ይምቱ። ወላጆቹ ምን እንደሚሉኝ እርስዎ አይሰሙም። ‹ልጃችንን ከሸጋላ ጋር አሰለፋችሁብን› ነው የሚሉኝ። እነ ሚኪ፣ እነ ናቲ የወጡብን በዚህ አይደለም? ባንዱ ወጣት ካጣ ኸላስ፣ አለቀለት ማለት ነው።»

ሸጋላ የሚለው ቃል በዐረቦቹ ቤት የሥራ ስም ነው፤ የቤት ሠራተኛ ማለት ነው። ዝናሽ በቀን ስንት ጊዜ ተጠርታበታለች፤ ከፍቷትም አያውቅም። ከራሷ አገር ሰው አፍ ሲወጣ ግን ሚጥሚጣ እንደነካው ዓይን አቃጠላት። ካውያዋን ከፍ አድርጋ የጋሽ ሸዋንግዛውን መልስ ጠበቀች። እሳቸው ይናገራሉ፤ እሳቸው ልጆቹን ያውቃሉ፤ ብስራት ከበሮ ስትመታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ አይታቸዋለች። ጋሽ ሸዋንግዛው አንድ ጊዜ ሳል አደረጉና «እስቲ እናያለን» አሉ። ከዚያ ሁለቱም ወጡ። ዝናሽ ካውያውን መልሳ ጃኬቱ ላይ ስታሳርፍ የማን ጃኬት እንደሆነ እንኳ አላየችም።

ባንዱ ሲቋቋም የነበሩት አብዛኞቹ ሾፌሮችና ዘበኞች ነበሩ። ትልቁን ከበሮ ይሸከም የነበረው ጎረምሳ ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ ከበሮው ባለቤት አጥቶ ወራት ተቀመጠ። አንድ ዓርብ ዝናሽ፣ ያኔ ሥራዋ ጃኬት ማጠብ ብቻ ነበር፣ ማንገቻውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ብድግ አደረገችው። «ልጅ ከኋላ ማዘል የምትችል ሴት፣ ከፊት ማዘል እንዴት ያቅታታል?» ብላ ሁሉንም አሳቀች። ከዚያ ወዲህ ከበሮው የሷ ሆነ። ወጣት መመልመሉም የሷ ሆነ። የቤተሰብ ልጆች ይመጣሉ፣ አንድ ሰሞን ይነፋሉ፣ ፈተና ደረሰ ብለው ይቀራሉ። ዝናሽ ግን ዓርብ ከቅዳሴ መልስ ምእመናኑ ሲያጨበጭቡ እጇ ላይ ምት ያለባትን ልጅ ከሩቅ ትለያለች። ጠጋ ብላ «የማነሽ ልጅ? ዓርብ ዓርብ ታርፊያለሽ?» ትላለች። እንዲህ እያለች በየቪላው ማብሰያ ቤት የተበተኑትን ልጆች ሰበሰበቻቸው። በሥራ ቀን በትራስና በእንጨት ማንኪያ ይለማመዳሉ፤ ዓርብ መጥተው ያን በትራስ የለመዱትን በእውነተኛ ከበሮ ላይ ሲያፈሱት ፊታቸው ይበራል።

ከሁሉ የበለጠችው ብስራት ናት። ብስራት የዝናሽ የታላቅ እህቷ ልጅ ናት፤ ዶሃ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ኡም ሰላል መሐመድ በሚገኝ ቪላ ትሠራለች። ጋሽ ሸዋንግዛው «ዝናብ» የሚሉትን፣ ያን ቶሎ ቶሎ የሚወርድ የትንሿን ከበሮ ምት፣ እንደሷ የሚያወርደው የለም። አክስትና የእህት ልጅ ግን ወግ የላቸውም። «በላሽ?» «አዎ።» «ማዳም ደህና ናት?» «ደህና ናት።» ከዚህ አያልፍም። ዝናሽ ምክንያቱን ብዙ ጊዜ ፈልጋ አጥታዋለች። ልጅቷ አኩራፊ ናት እንዳትል፣ ከሌሎቹ ጋር ስትሆን ትስቃለች፤ ሰፈር ናፍቋት ነው እንዳትል፣ ስለ ሰፈር የምታወራው ከሌላ ሰው ጋር ነው። ከበሮ ሲመቱ ብቻ ይነጋገራሉ። ዝናሽ «ድም» ስትል ብስራት በላዩ ታዘንብበታለች፤ ያ ለዝናሽ ጨዋታ ነበር፤ ያቺን የዓርብ ጨዋታ ብላ ሳምንቱን ትገፋዋለች።

የመጨረሻውን ጃኬት ሰቅላ ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ። ብስራት ናት።

«አክስቴ፣ አልመጣም። እንግዳ አለ፤ ማዳም ከለከለችኝ።»

ዝናሽ የመጀመሪያው ሐሳቧ «ተመስገን» ነበር። ካልመጣች ወደ ኋላ መገፋቷን አታይም፤ ካላየች አይከፋትም፤ እኔም የሰማሁትን ውጬ እቀራለሁ። በዚህ መሃል ገዛኸኝ ቁልፉን እያሽከረከረ ገባ። ገዛኸኝ ለአንድ ድርጅት ዕቃ የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ በባንዱ ውስጥ ትሮምቦን ይነፋል፤ ሆዱና ሳቁ እኩል የሰፉ ሰው ነው። ነገሩን ስትነግረው ከበሮዎቹን ወደ ፒክአፑ መጫኑን ሳያቋርጥ «ብስራት ከሌለችማ ምን ባንድ አለ፣ ቀብር ሸኚ ነን እንጂ» አላት። «ያላ፣ ግቢ። ሄደን ማዳምን እንለምናለን። ቢበዛ ትቆጣናለች፤ ቁጣ ደግሞ ለምደናል።»

ዝናሽ ገባች። በመንገድ ላይ ራሷን ታዘበችው። ልጅቷ እንዳይከፋት ብላ ደስታዋን ልትነሳት ነበር፤ የተጠራችበትን ድግስ፣ ምናልባት ወጡ ያቃጥላታል ብሎ እንደ መከልከል ነው። የጥር ዓርብ ጠዋት ነበርና አየሩ ለስለስ ያለ፣ መንገዱ ባዶ፣ ሰማዩ የታጠበ ነበር። ገዛኸኝ መስኮቱን ከፍቶ የማርሹን ዜማ በአፉ ይነፋል።

ኡም ሰላል ሲደርሱ የቪላው የኋላ በር ክፍት ነው። ማብሰያው ከቤቱ ተነጥሎ ጓሮ ይገኛል፤ ገና ከበሩ የቅመማ ቅመሙና የበጉ ሽታ ይቀበላል። ብስራት በወይን ቅጠል ክምር ፊት ተቀምጣ ሩዝ እየጠቀለለች ነበር። አንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ሞልቶ ገና ያልተጠቀለለ አለ። አክስቷን ስታይ ብድግ አለች፤ ዓይኗ ቀላ ያለ ነው። ማዳም ሁለት ልጆቿን አስከትላ ብቅ አለች። ወፍራም፣ ቁጡ የምትመስል፣ ነገር ግን ፊቷ ላይ ድካም ያለባት ወጣት ሴት ናት። ዝናሽ በዚያ ባሥር ዓመት ኑሮ በተለማመደችው ዐረብኛ ሰላምታውን ደርድራ፣ የእናቷን ጤና፣ የልጆቹን ጤና ጠይቃ ስታበቃ ጉዳይዋን ነገረቻት።

«የባሌ አጎቶች ከጁምዓ በኋላ ይመጣሉ» አለች ማዳም። «ይኼን ሁሉ ማን ይጠቅልለው? አንቺ ትጠቀልይልኛለሽ?»

ጥያቄው ለማሽሟጠጥ ነበር። ዝናሽ ግን እጅጌዋን ሰብስባ፣ ቧንቧው ሥር እጇን ታጥባ፣ ከብስራት አጠገብ ኩርሲ ስባ ተቀመጠች። እሷ ባለችበት በሙዓይዘሩ ቤት በየበዓሉ ይኼን ቅጠል ስትጠቀልል ኖራለች። ጣቶቿ ሳታያቸው ይሠራሉ። ገዛኸኝም ከበሩ ውጭ ቆሞ መቅረቱን ትቶ የሽንኩርት ቅርጫት ተሰጠውና እንባው እየወረደ ይልጥ ጀመር። ሁለቱ ትንንሽ ልጆች ወዲያው ተደስተው ማንኪያ ይዘው መጡ፤ ድስት ገልብጠው መምታት ያዙ። ምቱ የብስራት ምት ነበር፤ አስተምራቸዋለች። ታናሹ እየተሳሳተ፣ ታላቁ እየቆጣው፣ ዝናብ ሊያወርዱ ይታገላሉ። ማዳም መጀመሪያ «በስ! በቃ!» ብላ ጮኸች፤ ቀጥላ በሩ ላይ ተደግፋ ቆየች፤ ኋላ ድንገት ሳቀች። «ሳምንቱን ሙሉ ራሴን ያዞረው ይኼ ነው» አለች። «ለካ አስተማሪዋ እዚሁ ቤቴ ናት።»

ቅጠሉ አለቀ፤ ድስቱ ተጣደ፤ ሩዙ በሰለ። እንግዶቹ በልተው ትሪው ሲመለስ ዝናሽና ብስራት ጎን ለጎን ቆመው ዕቃውን አጠቡ። ማዳም ወጥታ «ከመግሪብ ሶላት በፊት እንድትመለስ» አለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ለልጆቹ ቪዲዮ ላኪላቸው፤ አለበለዚያ አያስተኙኝም» ስትል ጨመረች።

በፒክአፑ የፊት ወንበር ሦስት ሆነው ተጨናንቀው ተቀመጡ። ብስራት ከመሃል ናት። ዝናሽ ልትነግራት አሰበች። ዛሬ ከኋላ ነው የሚያቆሙሽ፤ እንዲህ እንዲህ ብለዋል። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ምናልባት ጋሽ ሸዋንግዛው እምቢ ይሉ ይሆናል፤ ሳይሆን ለሚቀር ነገር ለምን ልጅቷን አሳዝናለሁ አለች። «ደክሞሻል?» አለቻት። «አልደከመኝም» አለች ብስራት። ገዛኸኝ ሁለቱን በየተራ አየና ሬዲዮውን ከፈተ።

ሜዳው ዙሪያውን በሰው ተሞልቷል። የየአገሩ ባንዲራ፣ የየአገሩ ጫጫታ። ሐበሻው በአንድ ወገን ያለውን ደረጃ ይዞታል። ቤተሰቦች ምንጣፍ አንጥፈዋል፤ ሾፌሮች በቡድን ቆመዋል፤ የማዳሞቻቸውን ልጆች በጋሪ እየገፉ የመጡ ሴቶችም አሉ። ከመግቢያው በር ውጭ ባንዱ መሰለፍ ጀመረ። የተተኮሱት ጃኬቶች በከሰዓቱ ፀሐይ እንደ በርበሬ ቀልተዋል። ከኋላቸው የእግር ኳስ ተጫዋቾቹ አረንጓዴ መለያ ለብሰው እግራቸውን ያሟሙቃሉ። ጋሽ ሸዋንግዛው የመሪነት ዘንጋቸውን ይዘው በረድፎቹ መሃል አለፉ። የማንንም ዓይን አያዩም። እነ ሲፈንን በትከሻቸው እየያዙ ወደ ፊት ረድፍ አመጧቸው፤ እነ ብስራትን ደግሞ በዘንጉ ጫፍ ወደ ኋላ አመለከቷቸው። «ለዛሬ ብቻ» አሉ፣ ለጫማቸው የሚናገሩ ይመስል።

ልጆቹ ግራ እየተጋቡ ወደ ኋላ ሄዱ። ብስራት ግን ቆመች። የፊቱን ረድፍ አየች፤ የዘርሁንን ካሜራ አየች፤ ነገሩ ገባት። ወደ ኋላ ስትሄድ ትልቁ ከበሮ ጋ ስትደርስ ዝናሽን ትኩር ብላ አየቻት።

«ታውቂ ነበር?»

ዝናሽ መዋሸት አልቻለችም። «ጠዋት ሰምቻለሁ» አለች።

«እያወቅሽ ነው ያመጣሽኝ?» የብስራት ድምፅ ዝቅ ያለ ነበር። «ምንም አይደል። አንቺ ድሮም አትፈልጊኝም። ልመጣ ስል ለእናቴ ‹አታምጧት› ስትያት ሰምቻለሁ። ስልኩ ጮክ ብሎ ነበር፤ አጠገቧ ነበርኩ።»

ይኼን ብላ ሄዳ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ቆመች። ዝናሽ የከበሮዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ጨበጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ የፈለገችው ምክንያት ይኼ ነበር ለካ። አዎ፣ አታምጧት ብላለች። ልጅቷ የነርስነት ትምህርቷን አጋምሳ ነበር፤ ትጨርስ፣ እኔ እልክላታለሁ፣ እዚህ መጥታ የሰው ጓዳ ውስጥ አትቀመጥ ብላ እህቷን ለምና ነበር። ብስራት ግን የሰማችው አንዷን ቃል ነው፤ ያቺን ቃል ይዛ ባሕር ተሻገረች። ዛሬ ጠዋት እኔም ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ቃል ሰምቼ ይኼው እስካሁን ያንገበግበኛል፤ እሷስ ሁለት ዓመት እንዴት ቻለችው? ዞራ ልትነግራት ስትል ጋሽ ሸዋንግዛው ፊሽካቸውን ነፉ።

በማርሽ ባንድ ደንብ ፊሽካው ሲነፋ ቀድሞ የሚመታው ትልቁ ከበሮ ነው። እሱ ሦስት ጊዜ ድም ካላለ ጥሩምባው አይነፋም፣ እግር አይነሳም። ድምፅ ማጉያው «ኢትዮጵያ!» ብሎ ተጣራ። ደረጃው ላይ ያለው ሐበሻ እልል አለ። ዝናሽ መምቻውን አነሳች፤ አልመታችም። ጋሽ ሸዋንግዛው ያልሰማች መስሏቸው ደግመው ነፉ። አሁንም ዝም። ገዛኸኝ ትሮምቦኑን ከአፉ አውርዶ ከንፈሩን ይጠርግ ጀመር። ኳስ ተጫዋቾቹ ከኋላ «እንግባ እንጂ፣ ቀዘቀዝን!» እያሉ ይጮኻሉ። ድምፅ ማጉያው እንደገና «ኢትዮጵያ!» ሲል አሁን ደረጃው ላይ ሰው መሳቅ ጀመረ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ፈጠን ብለው መጡ።

«እህቴ፣ ምን ሆንሽ? ማንገቻው ላላ እንዴ?»

«አልላላም ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«ጠዋት ከመጋረጃው ወዲህ ነበርኩ። ጃኬት እየተኮስኩ።»

የሽማግሌው ጆሮ ቀላ። ዘንጋቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ዝናሽ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ግን የኋላው ረድፍ እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች። «እነዚህ ልጆች ቀን ሙሉ ከኋላ በር ሲገቡና ሲወጡ ይውላሉ። እዚህ የሚመጡት በፊት በር ለመግባት ነው። ወደ ቦታቸው ይመልሷቸውና እመታለሁ። ካልሆነ ከበሮው ይኸውላችሁ፤ የሚችል ይሸከመው።»

ያን ከበሮ ተሸክሞ ሜዳ የሚዞር ሌላ ሰው እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ዘርሁን ካሜራውን አንጠልጥሎ ሮጦ ደረሰ። «ምንድን ነው? ሰው ፊት አታዋርዱን እንጂ!» ነገሩን ሲሰማ ቀዘቀዘ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አፈረ። «ወይዘሮ ዝናሽ፣ እኔ እኮ ማንንም ለመናቅ አይደለም» አለ። «ለልጆቹ ብዬ ነው። እንዳይወጡብን።»

ከፊት ረድፍ ሲፈን ዞረች። የዘርሁን ልጅ ናት፤ ዶሃ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ ትንሽ የሚንሸራተት፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። ትንሿ ከበሮ ወገቧ ላይ ተንጠልጥላለች።

«አባዬ፣ በነሱ ምክንያት ማንም አልወጣም» አለች። «ሚኪ የወጣው ሳይችል ከፊት አቁማችሁት ሰው ሁሉ ስለሳቀበት ነው። ክላስ ውስጥ አሁንም ቪዲዮውን እያሳዩ ያበሽቁታል። ዛሬ ደግሞ የኔ ተራ ነው።»

«አንቺ ትችያለሽ እኮ። ቤት ስትመቺ ሰምቼሻለሁ።»

«ብስሬ ካለች ነው የምችለው! እጇን እያየሁ ነው የምመታው። ከኋላዬ ካቆማችኋት እንዴት አድርጌ ነው የማያት? በመስታወት?»

ገዛኸኝ መጀመሪያ ፈነዳ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከሱ ተቀብለው ጥሩምባዎቹ ሳቁ፤ ከኋላ ኳስ ተጫዋቾቹም ምን እንደተባለ ሳይሰሙ ሳቁ። ዘርሁን ልጁን አየ፤ በየሳምንቱ ከበሮ ይዛ ከቤት የምትወጣው ለምን እንደሆነ ገና ዛሬ የጠየቃት ይመስል። አስተናባሪው በእጁ ምልክት እየሰጠ መጣ፤ ካልተዘጋጃችሁ ቀጣዩ ይግባ ነው የሚለው። የኔፓል ባንድ ከጎን ተጠግቶ ጥሩምባውን ወደ አፉ አንስቷል።

«በሉ እንደፈለጋችሁ ሁኑ!» አለ ዘርሁን ካሜራውን ወደ ሰማይ አንስቶ። «ብቻ ኔፓል እንዳይቀድመን!»

ጋሽ ሸዋንግዛው ያኔ ወገባቸው የበለጠ ቀና። «አንድ የሚችል፣ አንድ የሚማር!» ብለው በፖሊስ ባንድ ድምፃቸው አዘዙ። «ተቀላቀሉ! እጅ ለእጅ መተያየት አለባችሁ!» ረድፉ እንደ ሹሩባ ተጎነጎነ። ኋላ የነበሩት ወደ ፊት ወጡ፤ የቤተሰብ ልጆቹ እፎይ እያሉ ከጎናቸው ገቡ። ብስራት ወደ ፊት ስትሮጥ ዝናሽ ጋ ስትደርስ ገታ አለች።

«አታምጧት ያልኩት ትምህርትሽን እንድትጨርሺ ነው» አለቻት ዝናሽ በችኮላ። «እኔ የገባሁበት እንዳትገቢ ብዬ። አንቺን ጠልቼ አይደለም፤ አንቺን ጠልቼ የት እደርሳለሁ?»

ብስራት አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ሊያለቅስ ይሁን ሊስቅ ሳይወስን ቆየ። «አክስቴ፣ ኋላ ትነግሪኛለሽ» አለች። «አሁን ምቺ!»

ዝናሽ መታች። ድም! አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ዝናቡ በላዩ ወረደ፤ ጥሩምባዎቹ ተከተሉ፤ ገዛኸኝ ጉንጩ እስኪፈነዳ ነፋ። ቀዩ ሰልፍ በበሩ ሲገባ ደረጃው ላይ ያለው ሰው ተነስቶ ቆመ። የመጀመሪያው ረድፍ መሃል ብስራትና ሲፈን ጎን ለጎን ናቸው። ሲፈን ዓይኗን ከብስራት እጅ አትነቅልም፤ አንድ ቦታ ተደናቅፋ ምቱ ሲያመልጣት ብስራት ሳታያት መምቻዋን ከፍ አድርጋ አሳየቻት፤ መልሳ ያዘችው። ዘርሁን ወደ ኋላው እየተራመደ፣ ሊወድቅ እየደረሰ፣ ሁለቱንም በካሜራው ያነሳል። አንዲት እናት ከደረጃው «ያቺ ከልጄ ጎን ያለችው የማን ልጅ ናት? አቤት እጇ!» ስትል ተሰማች። ዝናሽ ከከበሮው በስተኋላ ስለሆነች የሚታያት የሰው ጀርባ ብቻ ነው። የብስራት ጀርባ ግን ሲስቅ ያስታውቃል።

ሜዳውን ዞረው ወጥተው ላባቸውን ሲጠርጉ፣ ጨዋታው ገና ሳይጀመር፣ ሴቶች ከደረጃው መውረድ ጀመሩ። አንዷ ስልክ ቁጥር ትጠይቃለች፤ ሌላዋ «ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው?» ትላለች፤ ሁለት የቤተሰብ ልጆችም እየተገፋፉ መጥተው ቆሙ። ከሁሉ ፊት የደረሰችው ሂጃብ ያሰረች፣ የማዳሟን ሕፃን በጋሪ የምትገፋ ቀጭን ልጅ ናት። ስሟ ሸሪፋ መሆኑን ነገረቻቸው። መግባት ፈልጋ፣ ከበሮ ግን በሕይወቷ ነክታ እንደማታውቅ ተናገረች።

ጋሽ ሸዋንግዛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መልካም። በኛ ደንብ መጀመሪያ መቆም ነው የሚማሩት። አቋቋም፣ ዞሮ መመለስ፣ አረማመድ። ከበሮውን ቆይተን…»

ብስራት የራሷን ከበሮ ከወገቧ ፈትታ ልጅቷ ወገብ ላይ አሰረችው። «ጋሼ፣ መቆሙን ኋላ ይለምዱታል» አለች በትሕትና። «መጀመሪያ ይምቱበት። ካልመቱበት ለምን ይመለሳሉ?»

ሽማግሌው ሊቆጡ ነበር። ከዚያ ዙሪያቸውን የቆሙትን ልጆች አዩና ዘንጋቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ። ሲፈን ጋሪውን ተቀብላ ሕፃኑን ማወዛወዝ ጀመረች። ሸሪፋ ሁለቱን መምቻዎች እንደ ማማሰያ ጨብጣ፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣ አንዴ መታች። ከከበሮው የወጣው ድምፅ በር ላይ የተወረወረ ጫማ ይመስል ነበር። ሁሉም ሳቀ፤ ሸሪፋም አፏን በእጇ ጀርባ ሸፍና ሳቀች፤ ከበሮውን ልትመልስላት ስትል ብስራት እጇን ያዘችና «ድገሚው» አለቻት። ደገመችው። ዝናሽ ማንገቻዋን ገና ፈትታ አልጨረሰችም ነበር፤ መልሳ አጠበቀችው። ሸሪፋ ሦስተኛውን ስትመታ ከምቷ ሥር፣ ቀስ አድርጋ፣ ዝናሽ ትልቁን ከበሮ አስገባችላት።